ቦራ የቆመበት ዙር

የእሽቅድምድም ባለሥልጣኑ መግለጫ እንዲህ ይላል፦ «ቦራ የተባለው ፈረስ በከሰዓቱ ውድድር ሁለተኛ ዙር ላይ የቀኝ የፊት እግሩ ተሰብሮ ቆመ። ስቃዩ እንዳይረዝም የእንስሳት ሐኪሙ ወዲያውኑ በመርፌ አሳረፈው። ለአደጋው ምክንያት የሆነው የባልደራሱ ቸልተኝነት ነው።»

የባልደራሱ የጋሽ ሁንዴ ቃል ደግሞ እንዲህ ነው፦ «ቦራ እግሩ አልተሰበረም። እየመራ ሳለ ቆመ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አንድ ነገር እንደሚያዳምጥ ሆነ። ከዚያ ዞሮ በመጣበት መንገድ ቀስ እያለ መራመድ ጀመረ። ጋላቢው ልጓሙን ቢጎትት፣ ተመልካቹ ቢጮህ አልሰማም። ወደ መርፌው የሄደውም በአራት እግሩ ነው።»

ሁለቱም ቃሎች የተሰጡት በአንድ ቀን፣ ስለ አንድ ፈረስ ነው። እልፍነሽ ጎን ለጎን አድርጋ አነበበቻቸው። ሥራዋ የመስመር መርማሪነት ነው፤ ቀጣሪዋም የከተማው የድጎማ ጽሕፈት ቤት ነው። ባነበበችበት ማግስት ምክር ቤቱ ስለ እሽቅድምድሙ ድጎማ ይወስናል። ከዚያ በፊት ከሁለቱ እውነተኛው የትኛው እንደሆነ እንድትናገር ታዝዛለች።

ሐዲስ አዋሽ ውስጥ ከክዳኑ ውጭ የሚሮጥ ፍጡር የለም። ፀሐዩ አይፈቅድም። ክዳኑ የሚባለው ከከተማው በስተምሥራቅ ያለው ባለ ጣሪያ ሜዳ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ይነፋበታል፣ ውኃ የጠገበ ሣር ይበቅልበታል። በሣሩ ላይ ፈረሶች፣ በአሸዋው መም ላይ ደግሞ ግሬይሀውንድ የሚባሉት ቀጫጭን የሩጫ ውሾች ይወዳደሩበታል። ውርርድ የሚባለው ነገር ከቀረ ቆይቷል፤ ተመልካቹም ሥራ የፈታና ቅዝቃዜ ፈልጎ የመጣ ጥቂት ሰው ነው። እሽቅድምድሙን ያቆየው መንግሥት ነው። መንግሥትም ያቆየው ለፈረስና ለውሻ ብሎ አይደለም።

ከአቧራዎቹ ዓመታት በኋላ የመጣው በሽታ ሰውን ከእግሩ ጀምሮ ያደርቃል። እንደ ጎርፍ ከታች ወደ ላይ ስለሚወጣ ሰዉ «ወጪው» ይለዋል። ጣቶችን ይይዛል፣ ጉልበት ላይ ይደርሳል፣ ወገብን ያልፋል፣ በመጨረሻ ሳምባ ውስጥ ይገባል። የታመሙት የሚኖሩት በመኝታ ማማዎች ውስጥ ነው፤ ፎቅ በፎቅ ላይ፣ አልጋ በአልጋ አጠገብ። እዚያ ተኝተው ከማበድ ያዳናቸው መጋሪያ ነው። መጋሪያ ማለት የሩጫውን ስሜት ከእንስሳው አከርካሪ ላይ አንሥቶ በሰው ማጅራት ላይ ለተለጠፈ ስስ ጨርቅ የሚያደርስ መሣሪያ ነው። የተኛው ሰው ዐይኑን ይጨፍናል፤ እግር ያበቅላል። ሣሩ ከሥሩ ሲሸሽ፣ ነፋሱ ጆሮውን ሲገምሰው፣ ልቡ ደረቱን ሲደልቅ ይሰማዋል። ከሩጫው በኋላ ይበላል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ከጎረቤት አልጋ ጋር ይጨቃጨቃል።

ስለ ድጎማው በየዓመቱ ክርክር አለ። «ሰው ለውኃ ተሰልፎ ውሻ ገላውን ይታጠባል» የሚሉ አሉ፤ ውሸት አይደለም። «ማማው ውስጥ ገብታችሁ ይህንኑ ድገሙት» የሚሉም አሉ፤ እሱም ውሸት አይደለም። አዋጁ ሲወጣ እንስሳቱ ይሰቃያሉ ብለው አምርረው የተቃወሙ ሰዎች ነበሩ። እነሱን ያስማማቸው አንድ አንቀጽ ነው፦ መስመሩ ከእንስሳ ወደ ሰው ብቻ ይፈስሳል፤ ከሰው ወደ እንስሳ የሚሄድ አንዳች ነገር ከተገኘ ድጎማው በዚያው ቀን ይቆማል።

እልፍነሽ አንቀጹን በቃሏ ታውቀዋለች። ወንድሟ ዘርይሁን የተኛው በሦስተኛው ማማ ነው። የሚሮጠው አጃቢ ከሚባል ጥቁር ውሻ ጋር ነው። ማማ ውስጥ ሰው ያለው ቤተሰብ ሁሉ ከታማሚው መስመር ጋር የተያያዘች ጣት የምታህል ቢጫ መብራት ይሰጠዋል፤ ሰዉ ጧፍ ይላታል። ጧፏ በራች ማለት ሰውየው አለ ማለት ነው። ብዙዎች ቁምሳጥን ላይ ያስቀምጧታል። እልፍነሽ ግን በቦርሳዋ ይዛት ትዞራለች፤ ጠዋትም ከቤት ስትወጣ ከፍታ አየቻት። ትበራለች።

ጋሽ ሁንዴ በጋጣው በር ላይ ቆመው ጠበቋት። ረጅም ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ከፈረስ ሆድ ሥር ሲገቡና ሲወጡ ጀርባቸው ጎብጧል።

«ፈራጇ አንቺ ነሽ?»

«ፈራጅ አይደለሁም ጋሼ። እኔ የማየው መስመር ነው።»

«እንግዲያው እኔንም እዪኝ። ከትናንት ወዲህ መስመሬ ተበላሽቷል። ባለሥልጣኑ ቸልተኛ ይለኛል፤ ሚስቴ ደግሞ ‹ለፈረስ ያለቀስከውን ግማሽ ለእናቴ ባለቀስክላት› ትለኛለች።»

ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል ወሰዷት። ቦራ በሸራ ተሸፍኗል፤ ከሸራው የወጣው ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ብቻ ነው። ጋሽ ሁንዴ ሸራውን ከእግሩ ላይ ገለጡና ፊታቸውን አዞሩ። እልፍነሽ ጎንበስ ብላ አየች። አጥንቱ ተሰብሯል። በስብራቱ ዙሪያ ግን እብጠት የለም፣ የቋጠረ ደምም የለም። ጣቷን በቆዳው ላይ አስኬደች።

«ይሄ የተሰበረው ከሞተ በኋላ ነው» አለች።

«እኔ አላልኩም። አንቺ ነሽ ያልሽው።»

«ሐኪሙ ለምን ይዋሻል?»

«ክፉ ሰው አይደለም። ጤነኛ ፈረስ በሩጫ መሀል ቆመ ካለ መስመሩ ሊመረመር ነው። መስመሩ ከተመረመረ ድጎማው ይታገዳል። ድጎማው ከታገደ ይሄ ሁሉ» አሉና ወደ ጋጣዎቹ በአገጫቸው አመለከቱ፣ «ይሄ ሁሉ በሳምንት ውስጥ ገለባ ያጣል። የሞተ እግር ሰብሬ በሕይወት ያሉትን አዳንኩ ብሎ ነው የሚያስበው። እንዴት ልርገመው? ከእግሩ ሌላ የሰበረው የኔን ስም ብቻ ነው።»

ሸራውን መለሰችው። በሩ ጋ ሲደርሱ፣ «የቆመው ቦራ ብቻ ነው?» ስትል ጠየቀች።

ጋሽ ሁንዴ የአንዲቱን ባዝራ ጋጣ ከፍተው፣ ጋማዋን እየዳበሱ ቆዩ።

«ውሾቹም ይተኛሉ» አሉ በመጨረሻ። «አልፎ አልፎ። ከመሙ ላይ፣ በሩጫ መሀል። ‹ሰነፈ› ይባልና ይወገዳል። ልጄ፣ እኔ ሰነፍ ውሻ አይቻለሁ፤ ሰነፍ ውሻ ከመነሻው ነው የሚለግመው። ባለቤቱ ሞቶበት ደጅ ላይ የተኛ ውሻ አይተሽ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ነው የሚተኙት።»

እልፍነሽ ከቦርሳዋ የመመርመሪያ ጨርቅ አውጥታ ማጅራቷ ላይ ለጠፈች፤ ከባዝራዪቱ መስመር ጋር አገናኘችው። ወዲያው አራት እግር ኖራት። ጎኗ ላይ ዝንብ አረፈባት፤ የገብሱ ሽታ ምራቋን አመጣው። ይህን ብዙ ጊዜ አድርጋዋለች። መርማሪዎች ሁሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ከፈረሱ የሚመጣውን ይለካሉ። ወደ ፈረሱ የሚሄድ ነገር መኖሩን ያየ ሰው የለም፤ አዋጁ የለም ስላለ።

ከጋጣው ወጥታ ግድግዳው ጀርባ ቆመች፤ ባዝራዪቱ አታያትም። ነጠላዋን የያዘችበትን መርፌ ቁልፍ ፈታችና የግራ መዳፏን ወጋችው።

ከግድግዳው ወዲያ ኮቴ ተሰማ። ጋሽ ሁንዴ፣ «ዋ!» አሉ።

«ምን ሆነች ጋሼ?»

«የግራ እግሯን አነሣች። የጋለ ምጣድ እንደረገጠች።»

የቀኝ መዳፏን ወጋች። እንደገና ኮቴ።

«አሁን ቀኙን። ልጄ፣ ምን እያደረግሻት ነው?»

«እሷን ምንም አላደረግኳት» አለች እልፍነሽ፤ ድምፅዋ ለራሷም ሩቅ ሆነባት። «የወጋሁት ራሴን ነው።»

ጋሽ ሁንዴ ከጋጣው ወጥተው መዳፏን አዩ፤ በሁለቱም ላይ ጠብታ ደም አለ። ከዚያ የጠየቁት እሷም በልቧ የጠየቀችውን ነው፦

«ያን ከሰዓት ከቦራ ጋር የነበረው ማን ነው?»

ስትወጣ በውሾቹ መደዳ በኩል አለፈች። ከሽቦው ጀርባ ካሉት አንዱ፣ ጥቁር፣ ጅራቱ ጫፉ ላይ የተሰበረ፣ ሌሎቹ ተኝተው ሳለ ብድግ ብሎ ወደ እሷ መጣ። አጃቢ መሆኑን የአንገቱ ማሰሪያ ይናገራል። ከዚያ ቀን በፊት አይቷት አያውቅም። በሽቦው ቀዳዳ አፍንጫውን አውጥቶ የቆሰለ መዳፏን ላሰ፤ ከሥራ እንደተመለሰ የቤት ሰው ተቀበላት። ጋሽ ሁንዴ፣ «ይሄ እንኳ ለእንግዳ ፊት አይሰጥም ነበር» አሉ። እልፍነሽ እጇን ቶሎ ሰበሰበች።

ቦራ ከዚያው ከሦስተኛው ማማ፣ ከአራተኛው ፎቅ አልጋ ጋር ነበር የተያያዘው። የአቶ ይርዳው አልጋ። ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ አልጋው አሁን ተነጥፎ ባዶውን ነው። እልፍነሽ የፎቁን ነርስ ሲስተር ፋናዬን መስኮቱ ሥር አገኘቻት። ከወንድሟ ሕመም ጀምሮ ይተዋወቃሉ።

«አቶ ይርዳው መቼ ነው ያረፉት?»

«ትናንት» አለች ፋናዬ።

«ከትናንት መቼ?»

ፋናዬ የእልፍነሽን ፊት አይታ፣ ነገሩ ለቅሶ ለመድረስ እንዳልሆነ ገባት። «ጠዋት። ቁርሳቸውን ሳይቀምሱ።»

«ሩጫው ከሰዓት ነበር። መስመራቸው ግን እንደተያያዘ ነበር።»

«ልጃቸው ትርንጎ ጨው ሜዳው ላይ ባለው ጣቢያ ብቻዋን ነው የምትሠራው። ጧፉ አጠገቧ ነው። መስመሩን ስነቅለው ጧፉ ድርግም ይላል። እንዴት አድርጌ? ቆማ፣ ብቻዋን፣ አቃፊ በሌለበት፣ ከመብራት መርዶ ትስማ?»

«ስለዚህ ተውሽው።»

«ሁላችንም እንተወዋለን። በሁሉም ማማ። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ በማለዳ አስቀምጠው ይነግሯታል። ዛሬ ማለዳ ተነገራት፤ እኔም ያኔ ነቀልኩት። መርዶ እኮ ድሮም እንዲህ ነው እልፌ። ማንን ጎዳሁ? የሞተ ሰው መስመሩ ላይ ቢቆይ ምን ይሆናል?»

እልፍነሽ ባዶው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የመዳፎቿን ቁስል አሳየቻትና ስለ ባዝራዪቱ ነገረቻት። ከዚያ ስለ ቦራ። ለዓመታት በየከሰዓቱ ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ሰው ይመጣለት ነበር፤ ጉጉቱ፣ ሥጋቱ፣ ትንፋሹ። ፈረሱ ከዚያ ሰው ጋር መሮጥ ለምዷል። ትናንት የሩጫው ሰዓት ደረሰ፤ ማሽኑ እንደ ልማዱ ከአልጋው ጋር አገናኘው። የመጀመሪያውን ዙር በልማድ ሮጠው። በሁለተኛው ላይ ጆሮውን ጣለ። ከወዲያ የሚመጣ ነገር የለም። ዞሮ የተመለሰው የጣለው ሰው ካለ ሊፈልገው ነው።

ፋናዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የሌሎቹ ማማዎች ነርሶች ሲያወሩ የሰማችው ሁሉ እየመጣባት ነበር፤ ውሻ ተኛ በተባለ ቁጥር፣ አንድ ፎቅ ላይ ያልተነገረ መርዶ ነበር።

«ለልጅቷ ስንደብቅ» አለች፣ «ለካስ ለፈረሱ ነግረነዋል። ቆሞ። ብቻውን።»

ዘርይሁን የእህቱን የእግር ኮቴ ያውቃል፤ ዐይኑን ሳይገልጥ፣ «ዛሬ የድጎማ ፊት ይዘሽ ነው የመጣሽው» አላት።

«ሳታየኝ?»

«አረማመድሽ ራሱ ስብሰባ ነው።»

ወጪው ደረቱ ላይ ደርሷል። በጥር ገና ክንዶቹን ያንቀሳቅስ ነበር፤ አሁን የሚታዘዝለት ከአንገቱ በላይ ያለው ብቻ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ትንፋሽ ፍለጋ ያቆማል። እልፍነሽ ትራሱን አስተካከለችለት።

«አጃቢ ዛሬ የመጨረሻ ወጣ» አለ። «እንዳትፈርጂበት። ጥፋቱ የኔ ነው። ምሳ ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ደንግጬ ነበር።»

እጇ ትራሱ ላይ ቀረ።

«ዘሩ፤ ታውቅ ነበር?»

«ምኑን?»

«ወደ እሱ እንደሚሄድ።»

ዐይኑን ገለጠ። «ስፈራ ይዘገያል። ስስቅ ይፈጥናል። ባለፈው የአለቃሽን አነጋገር ስታስመስይ ሳቄ አላቆም ብሎኝ ከመነሻው ተስፈንጥሮ አንደኛ ወጣ። የማላውቅ መስሎሻል? ውሻ ነው እኮ፤ ውሻ ሰው ያውቃል።»

«ለምን ሳትነግረኝ?»

«የመስመር መርማሪ ስለሆንሽ ነዋ።»

ሳትፈልግ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ከዚያ ስለ ቦራ ነገረችው። አላቋረጣትም። ስትጨርስ ጣሪያውን እያየ፣ «ነገ ትናገሪያለሽ?» አላት።

«የተላክሁበት ሥራ ነው።»

«ነገ እኔም ተናጋሪ ነኝ። ታማሚዎቹ መርጠውኛል። ‹ሩጫው ሕይወታችን ነው› ልላቸው ነው። አንቺ ተነሥተሽ ታስዘጊዋለሽ?»

ብርድ ልብሱን ወደ ደረቱ ሳበችለት።

«እልፌ፣ ለምኜሽ አላውቅም። ከአንገቴ በታች የቀረኝ እግር የአጃቢ እግር ነው። ሐኪሙ የሚለኝን አንቺም ሰምተሻል፤ ክረምቱን አላልፈውም። ያችን ያህል ጊዜ ልሩጥ። ከዚያ የፈለግሽውን ተናገሪ።»

«ያች ጊዜ ስትደርስስ? አጃቢ መሙ ላይ ሆኖ ብትደርስስ?»

ዘርይሁን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሊያዞረው የሚችለው እሱን ብቻ ነበር።

በማግስቱ የምክር ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። እልፍነሽ ጧፏን ከቦርሳዋ አውጥታ ፊት ለፊቷ ጠረጴዛው ላይ አቆመቻት። ትበራለች። ከአዳራሹ በስተግራ የባለሥልጣኑ ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅ ተቀምጠዋል፤ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ላባቸውን በመሐረብ የሚጠርጉ። ጋሽ ሁንዴ ከኋላ ወንበር ላይ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል። በግድግዳው ሰሌዳ ላይ የዘርይሁን ፊት ከነትራሱ ከማማው በቀጥታ ይታያል፤ ከጎኑ የሲስተር ፋናዬ ነጭ ጋውን።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሮማን፣ ሁሉን እስከ መጨረሻው በመስማት የታወቁ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ለታማሚዎቹ ተወካይ ዕድል ሰጡ።

«እህቴ ትቅደም» አለ ዘርይሁን። «እኔ እከተላለሁ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ እልፍነሽ አላወቀችም። ቆመች። ትናንት የለመናት ልመና ጆሮዋ ውስጥ ነበር። አጃቢ የላሰው መዳፏም አብሯት ነበር።

«ጋሽ ሁንዴ የተናገሩት እውነት ነው» አለች። «የቦራ እግር በሕይወቱ አልተሰበረም።»

የቀረውንም ተናገረች፦ መርፌ ቁልፉን፣ ባዝራዪቱን፣ ያልተነገሩትን መርዶዎች፣ የተኙትን ውሾች። ማንንም አልወቀሰችም። «መስመሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይፈስሳል። የኛ ፍርሃት ወደ እነሱ ይሄዳል። ሞታችንም ይሄዳል» ብላ ተቀመጠች። አንቀጹን ሁሉም ያውቀዋል፤ መድገም አላስፈለጋትም። ወንድሟን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። አቶ ልሳነወርቅ መሐረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ የተፈረደበት ሰው ይመስሉ ነበር።

ወይዘሮ ሮማን መነጽራቸውን አወለቁ።

«እናቴ ያረፈችው በሁለተኛው ማማ ነው» አሉ። «እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። እዚችው ወንበር ላይ። እስከ ዛሬ ብቻዋን ሞተች እያልኩ ነው የምተኛው።» ወደ እልፍነሽ ዞሩ። «ልጠይቅሽ። ውሻ ነበራት። ያን ሰዓት ከእሷ ጋር ነበር ማለት ነው?»

«መስመሩ ላይ ከነበሩ፣ አዎ።»

«ፍርሃቷን ይሰማ ነበር?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ብቻዋን አልነበረችም!»

ያለቀሱት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። በአዳራሹ ውስጥ ማማው ሰው ያልወሰደበት ቤተሰብ የለም። አንድ ሽማግሌ የምክር ቤት አባል፣ «አንቀጹስ?» ብለው ጠየቁ፤ አጠገባቸው ያለችው፣ «አንቀጽ የሰው ነው፤ ሰው ያሻሽለዋል» አለቻቸው። ሌላው ተነሥቶ፣ ይህ ከሩጫም የበለጠ አገልግሎት ነው፣ ድጎማው ሊጨመር እንጂ ሊቆም አይገባም አለ። ጭብጨባ ተሰማ። የአቶ ልሳነወርቅ ፊት ደም እየተመለሰለት ነበር።

«ባለሥልጣኑ ዝግጁ ነው» አሉ ቆመው። «ለመጨረሻው ሰዓት ብቻ የሚሆኑ፣ ረጋ ያሉ ውሾች ለይተን ማሠልጠን እንችላለን። በየማማው። ማንም ሰው ብቻውን እንዳይሞት።»

«ከዚያ በኋላ ውሾቹስ?» አለች እልፍነሽ፤ ሳይፈቀድላት።

«ይተካሉ።»

በክፋት አልተናገሩትም። የተቃጠለ አምፖል እንደሚተካ፣ ያረጀ ጎማ እንደሚቀየር፣ እንደዚያ ነው የተናገሩት። እልፍነሽ ዙሪያዋን አየች። ጨካኝ ፊት ፈለገች፤ አጣች። ሁሉም የየራሱን ሙት እያሰበ ያለቅስ ነበር፤ እያለቀሰም እጁን ለድምፅ ያዘጋጅ ነበር። እውነቱን ብትናገር በሩ ይዘጋል ብላ ነበር፤ በሩን ከነመቃኑ ነቅለው አሰፉት። ከኋላ ጋሽ ሁንዴ ኮፍያቸውን እያሻሹ፣ «እንኳንም ቦራ ይህን አልሰማ» ሲሉ ሰማቻቸው።

«ክብርት ሰብሳቢ» አለ ዘርይሁን ከሰሌዳው ላይ። «ተራዬ የደረሰ መሰለኝ።»

ወይዘሮ ሮማን በእጃቸው ፈቀዱለት።

«እህቴን ትናንት ዝም በይ ብያት ነበር። አልሰማችኝም። ከልጅነቷም አትሰማም።» አንዳንዶች በእንባቸው መሀል ፈገግ አሉ። ትንፋሽ ወሰደ። «እናቶቻችሁ ብቻቸውን እንዳልሞቱ ሰምታችሁ ተጽናንታችኋል። አልፈርድባችሁም። እኔም ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ሳስብ ነው ያደርኩት፤ ደስ ይላል። ግን ከወዲያኛው ጫፍ ያለውን እኔ አውቀዋለሁ። ስሙ አጃቢ ነው። ጅራቱ ጫፉ ላይ ተሰብሯል፤ ጥግ ላይ መዞር አይወድም። ስፈራ ፍርሃቴን ይዞልኝ ይሮጣል፤ ከየት እንደመጣበት አያውቅም። ይሸሸዋል፤ ግን ጀርባው ላይ ነው።»

እንደገና ትንፋሽ ፈለገ። ፋናዬ ጎንበስ ስትል በእጁ ሳይሆን በዐይኑ ከለከላት።

«ትሸከምልኛለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። እኔም አልጠየቅሁትም። አውቄ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ እግሩ ጣፍጦኝ። ስለ ሌላው እናንተ ወስኑ፤ መብታችሁ ነው። ስለ እኔ ግን ወስኛለሁ።» ዐይኑን ወደ ጎኑ አዞረ። «ሲስተር ፋናዬ፣ ዛሬ ሩጫው ሳይጀመር መስመሬን ንቀይልኝ። አይ፣ አሁኑኑ ንቀይልኝ። ሞቴ የኔ ነው፤ እኔው እሞተዋለሁ።»

«አቶ ዘርይሁን» አሉ ወይዘሮ ሮማን። «ተረጋግተው ቢያስቡበት። ሩጫውን ያጣሉ እኮ።»

ዘርይሁን ግን የሚያየው እሳቸውን አልነበረም። ከሰሌዳው ላይ ሆኖ፣ ከሰው ሁሉ መሀል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ቢጫ መብራትና ከመብራቷ ጀርባ ያለችውን እህቱን ፈልጎ አገኘ። የፋናዬ እጅ ወደ ማጅራቱ ሲሄድ ታየ።

«እልፌ» አላት፣ «ጧፉ ሲጠፋ እንዳትደነግጪ። አለሁ።»